«ወለምታ ነው» ብሎ ማለፍ



በአማርኛ ጉልበት ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መታጠፊያ ነው፤ ሁለተኛው ኃይል ነው። የደከመ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። የሚሠራ ሰው ስናይ «ጉልበት ይስጥህ» እንላለን። ታላላቆቻችንን ስናከብር ዝቅ ብለን ጉልበት እንስማለን። እኔ ሁለቱን ፍቺዎች አንድ ያደረጋቸውን ነገር የተረዳሁት በ29 ዓመቴ፣ በሁለት ክራንች ተደግፌ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ያለችውን 10 እርምጃ ሦስት ጊዜ እያረፍኩ ስሄድ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ እዚሁ ዴንቨር ካደጉት ልጆቻችሁ አንዱ ነኝ። ስኖውቦርድ የጀመርኩት በ15 ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም። እንድናገር የጠራችሁኝ ይህ ግራ ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ስለተጎዳ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ የመጣው የመጀመሪያውን ስላቃለልኩት ነው። ከዚያ ወዲህ በፊዚዮቴራፒ ክፍል ያሳለፍኳቸው ወራት፣ ያነበብኳቸው ጥናቶች፣ እስኪሰለቻቸው የጠየቅኳቸው ሐኪሞች ያስተማሩኝን አካፍላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጆቻችሁ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ቦርዳቸውን ጭነው ሲወጡ ልባችሁ አብሮ እንደሚወጣ አውቃለሁ። አይፈረድባችሁም። በረዶን የምታውቁት በሐምሌ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፤ ከዚያ ካለፈም የራስ ዳሸን ጫፍ ላይ አመዳይ ጣለ ሲባል ነው። እዚህ ግን በአይ-70 መንገድ ሽቅብ የነዳ ሰው የአይዘንሃወርን ዋሻ የሚያቋርጠው 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብሬክንሪጅ ሲደርስ ሊፍቱ ከ3,900 ሜትር በላይ ያወጣዋል። ልጆቻችሁ ያደጉት በዚህ ተራራ ሥር ነው፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሁሉ ወደዚያው ይሄዳሉ። ደግሞም በረዶው የሌላ ሰው ብቻ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል። ስለዚህ ዛሬ ልጆቹ ይሂዱ አይሂዱ የሚለውን ክርክር አልከፍትም። የመጣሁት የሄደው ልጅ እያነከሰ ሲመለስ ምን እናድርግ ለሚለው ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰብኝ ከከፍታ ስዘል ሳይሆን ከሊፍት ስወርድ ነው። ይህን ለማታውቁት ላስረዳ። ስኖውቦርድ የሚነዳ ሰው ቁልቁል የሚወርደው ሁለት እግሮቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስረው ነው። ወደ ሊፍት ሲገባና ከሊፍት ሲወርድ ግን የኋላ እግሩን ይፈታል፤ የፊተኛው እንደታሰረ ይቀራል። ያኔ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ሰሌዳ በአንድ እግር ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የዚያን ቀን ከፊቴ አንዲት ልጅ ወደቀች። እሷን ላለመግጨት ስዞር የሰሌዳው ጫፍ በረዶው ውስጥ ተሰካ። ሰሌዳው ቆመ፤ እኔ ግን አልቆምኩም። ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ በውስጠኛው ጎኑ በኩል እሳት እንደነካኝ ለበለበኝ። ተነሣሁ፣ መቆም ቻልኩ፣ «ተመስገን» አልኩና እስኪመሽ ድረስ ስነዳ ቆየሁ።

ማታ እናቴ በር ላይ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?» አለችኝ።

«ምንም አይደል እማዬ፣ ወለምታ ነው።»

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ አልጎድል ሲል እናቴ አንድ ጎረቤታችንን ለመነችልኝ። አገር ቤት ሳሉ የሰፈራቸው የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ የነበሩ አባት ናቸው። ጋሼ መጡ፣ ከሶፋው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። እናቴ ቅቤ አሙቃ ቀርባለች። ጋሼ ግን ቅቤውን ወደ ጎን አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ የሚታሽ አይደለም፤ ሐኪም ይየው» አሉኝ። ዛሬም ድረስ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ምክሩን ግን ግማሹን ብቻ ሰማሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ የተነገረኝን፣ የጅማት ሐኪም ፈልግ የሚለውን፣ ጆሮዬ አልያዘውም።

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። በአምስተኛው ቅዳሜ ተራራው ላይ ነበርኩ። ትንሽ ዝላይ፣ በልጅነቴ መቶ ጊዜ የዘለልኳት ዓይነት፤ ያረፍኩት ግን ተዳፋቱ ላይ ሳይሆን ሜዳው ላይ ነው። ጉልበቴ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰማሁ ስል ድምፁ የተሰማኝ በጆሮዬ ሳይሆን በአጥንቴ ነው። ከዚያች ቅጽበት እስከሚቀጥለው ጊዜ ሰሌዳ ላይ እስክወጣ 11 ወር አለፈ።

አሁን ወደ ጉልበቱ ውስጥ እንግባ። አማርኛችን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት ይለዋል። ዛሬ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ዓይነት ነው። ጉልበት እንዲህ ዓይነት አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉት። ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን እንደ በር ማጠፊያ የቆሙ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ መሐል ላይ ተጠላልፈው መስቀል ሠርተዋል፤ መስቀለኛ የሚባሉትም ለዚህ ነው። በውስጥ ጎን ያለው፣ ሐኪሞች ኤምሲኤል የሚሉት፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይሰበር ይይዛል። ከመስቀለኞቹ የፊተኛው፣ እናንተ እግር ኳስ የምትከታተሉ ሰዎች ኤሲኤል ሲባል የሰማችሁት፣ ቅልጥም ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠመዘዝ ይጠብቃል። በአጥንቶቹ መካከል ደግሞ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የልም አጥንት ትራሶች አሉ።

ከሊፍቱ ስወርድ የተጎዳው የውስጥ ጎኑ ነው። ከዝላዩ በኋላ የተቀደደው መስቀለኛው ነው። የሁለቱ ጠባይ እንደ ቀንና ሌሊት ይለያያል።

የውስጥ ጎን ጅማት ደም በደንብ ይደርሰዋል። ሲቀደድ የረጋው ደም የተለያዩትን ጫፎች ያገናኛቸዋል፤ በዚያ ላይ አዲስ ሥጋ ይበቅላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ማጠፊያ ባለው የጉልበት ድጋፍና በእንቅስቃሴ ይድናል። ሐኪሞች ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በአንደኛው ጅማቱ ተለጥጦ ጥቂት ክሮች ብቻ ተበጥሰዋል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በሁለተኛው ከፊሉ ተቀዷል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ መበጠስ ነው፤ ወራት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰው ብዙ ጊዜ በከፊል ከተቀደደው ያነሰ ያማል፤ የሚወጠር ክር አልቀረምና። ሕመም የጉዳት መለኪያ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

መስቀለኛው ጅማት የተቀመጠው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ መሐል ነው። ሲበጠስ የሚወጣው ደም በፈሳሹ ይታጠባል፤ ጫፎቹን የሚያገናኝ ድልድይ አይሠራም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ መልሶ አይጋጠምም። ሕመሙ ግን ይጠፋል! በሁለትና በሦስት ሳምንት እብጠቱ ይጎድላል፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሥራ ይገባል። በቀጥታ መንገድ ሲሄድ ምንም አይለውም። አንድ ቀን ዞር ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል። በሾለከ ቁጥር ደግሞ ትራሶቹ ይፈጫሉ።

እንግዲህ «ወለምታ» የሚለው ቃላችን እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ቃሉን አልጠላውም፤ ያደግኩበት ነው። ለጉልበት ግን አይበቃም።

ወጣቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ስኖውቦርድ ከስኪ ይልቅ ለጉልበት ይራራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ልክ ነው። በስኪ እያንዳንዱ እግር የራሱ ረጅም እንጨት አለው፤ አንዱ ወደዚያ ሌላው ወደዚህ ሲሄድ ጉልበት እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል። በስኖውቦርድ ሁለቱ እግሮች አንድ ሰሌዳ ላይ ስላሉ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ እኛን በብዛት የሚያገኘን የእጅ አንጓ ስብራት፣ የትከሻ ውልቃትና የቁርጭምጭሚት ጉዳት ነው። ይህ ጥበቃ ግን የሚሠራው ሁለቱም እግሮች ታስረው ሳሉ ነው። አንዱን በፈታችሁበት ሰዓት ከስኪውም ትብሳላችሁ፤ የስኪ ማሰሪያ በኃይል ሲጠመዘዝ ይለቃል፣ የእኛ አይለቅም። ሁለተኛው አደጋ ከዝላይ በኋላ ሜዳ ላይ ማረፍ ነው። ያኔ የፊት ጭን ጡንቻ አካላችሁን ለመያዝ በሙሉ ኃይሉ ይኮማተራል፤ ቅልጥሙንም ወደ ፊት ይስባል፤ መስቀለኛው ጅማት የሚበጠሰው በራሳችሁ ጡንቻ ጭምር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከሊፍት ስትወርዱ ሰሌዳውን ወደ ፊት ቀጥ አድርጉት፤ የተፈታውን እግር በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ባለው መርገጫ ላይ አጥብቃችሁ አሳርፉት፤ መንገድ እስኪጠራ ድረስ አትዙሩ። መውደቃችሁ ካልቀረ ተዉትና ውደቁ፤ ሰሌዳው ተሰክቶ ቀጥ ብሎ ለመቆም መታገል ነው ጉልበት የሚበላው። ደግሞ «አንድ ዙር ብቻ» የምትሏት የመጨረሻዋ ዙር አለች፤ ጭናችሁ እየተንቀጠቀጠ፣ በረዶው ከሰዓት በኋላ እየጠነከረ የምትወርዷት። እኔ የተጎዳሁት ሁለቱንም ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጉዳቱ ከደረሰስ? ተራራው ላይ ጀምሩ። ጉልበታችሁ ውስጥ ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ስትቆሙ ጉልበቱ ካልያዛችሁ፣ ነድታችሁ ለመውረድ አትሞክሩ። ሰሌዳችሁን ፈታችሁ ከእናንተ ሽቅብ በረዶው ላይ አቁሙት፤ የሚመጣው ሰው ያያችኋል፣ ዞሮም ያልፋችኋል። ቀይ ልብስ ላይ ነጭ መስቀል ያደረጉት የስኪ ፓትሮል ሰዎች በሚጎተት ቃሬዛ ያወርዷችኋል። ይህ ድርጅት በአሜሪካ የተመሠረተው በ1938 ነው፤ መሥራቹ ማይኖት ዶል ራሱ ቨርሞንት ውስጥ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሮ፣ የሚያወርደው አጥቶ በረዶ ላይ የተንገላታ ሰው ነበር። አንዳንድ ልጆቻችን ሂሳብ ይመጣብናል ብለው ፓትሮሉን እንደማይጠሩ አውቃለሁ። በልማድ ፓትሮሉ ከተራራው ሲያወርድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሂሳብ የሚመጣው ከአምቡላንሱና ከሆስፒታሉ ነው። በተቀደደ ጅማት መንዳት የሚያስከፍለው ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

አስቸኳይ የሆነውን ካልሆነው ለዩ። እግሩ ከጉልበት በታች ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ፣ ጉልበቱም ቅርጹን ከቀየረ፣ ከጉልበት ጀርባ ያለው የደም ሥር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ድንገተኛ ክፍል በደቂቃ ነው። ጉልበቱ እንደታጠፈ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለም ቀን አትስጡት፤ የተቀደደ ሜኒስከስ መሐል ገብቶ ሊሆን ይችላል። በቀጣዮቹ ቀናት ባቱ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደም መርጋቱን ለማወቅ ሐኪም ያስፈልጋል።

እብጠቱ የመጣበትን ሰዓትም ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ እንደ ሎሚ ከተነፋ ውስጡ ደም ነው፤ መስቀለኛውን ጅማት ጠርጥሩ። አድሮ ጠዋት ያበጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስታውስም።

ስለ ፍሪጅ በረዶ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙዎቻችን የተማርነው ማረፍ፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚል ነው። ይህን ቀመር በ1978 ያስተዋወቀው ጌብ መርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ይኸው ሐኪም በ2014 ተመልሶ፣ በረዶም ፍጹም ዕረፍትም መዳንን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሎ የራሱን ቃል አርሟል። ሰው የራሱን ታዋቂ ትምህርት በአደባባይ ሲያርም ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ የሚመከረው፣ በረዶው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕመም ማስታገሻ ይሁን፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለአጭር ጊዜ ነው። በፋሻ መጠነኛ ማሰር፣ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ ማንቀሳቀስ።

ማሸትን በተመለከተ ጋሼ ያሉትን ደግሜ እላለሁ። ትኩስ ጉዳት አይታሽም፣ አይጎተትም። ከውስጥ ያልታየ ስብራት ሊኖር ይችላል፤ ማሸቱ መድማቱንም ያባብሳል። አገር ቤት ያሉ ሐኪሞቻችን ከልክ በላይ በጠበቀ የወጌሻ እስር ደም አጥቶ የሞተ እጅና እግር ሲቆርጡ ኖረዋል። ይህን ስል የወጌሻን ዕውቀት መናቄ አይደለም። ጥሩ ወጌሻ እጁ የማያውቀውን ያውቃል፤ ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የሚገርመው፣ መስቀለኛው ጅማት መበጠሱን የሚለየው ትልቁ ምርመራም በእጅ ነው። ላክማን ይባላል፤ በፊላደልፊያ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረ ሐኪም ስም የተጠራ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ በአንድ እጁ ጭኑን ይይዛል፣ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል፤ ጤነኛ ጅማት በመጨረሻው ላይ ገመድ እንደሚይዝ «ቀጭ» ብሎ ያቆመዋል። የእኔ አላቆመም። ኤምአርአዩ በኋላ ያሳየው የመረመረችኝ ሐኪም በእጇ ያወቀችውን ነው። ራጅ ግን የሚያሳየው አጥንት ነው። እባካችሁ ይህን ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁልኝ ውጡ፤ «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ጅማቱ ደህና ነው» ማለት አይደለም። እኔ 11 ወር ከሕይወቴ የከፈልኩት ለዚህች አንዲት አለማስተዋል ነው።

መስቀለኛው ጅማት ተበጠሰ ሲባል ሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። በስዊድን ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት 121 ወጣቶችን ለሁለት ከፈለ። አንዱን ወገን ቶሎ ቀደዱት፤ ሌላውን 59 ሰዎች በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ካስፈለገ ብቻ እንዲቀደዱ አደረጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ59ኙ የተቀደዱት 23 ብቻ ነበሩ፤ የሁለቱ ወገን ሰዎች የጉልበት ሁኔታም ጎልቶ አልተለያየም። ስለዚህ «ነገ ካልተቀደድክ አበቃልህ» የሚላችሁ ካለ ሁለተኛ ሐኪም ጠይቁ። በሌላ በኩል መዝለልና መዞር ያለበት ስፖርት ለሚሠራ፣ ጉልበቱም ለሚሾልክበት ሰው ቀዶ ሕክምናው ይጠቅማል። እኔ ተቀደድኩ፤ ከጭኔ ጀርባ ካለው ጡንቻ ጅማት ተወስዶ አዲስ መስቀለኛ ተሠራልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሰውን ትዕግሥት የሚፈትነው። የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች 106 ታካሚዎችን ተከታትለው በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ፣ ጉልበት ዳግም የመጎዳቱ መጠን በ51 በመቶ ቀነሰ። ከዘጠኝ ወር በታች መመለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይህ ቁጥር ይናገራል። ዘጠኝ ወር! አንድ ልጅ ተጸንሶ የሚወለድበት ጊዜ ነው። ጊዜው ብቻም አይበቃም። የተጎዳው እግር ኃይል ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት፤ ይህም በመሣሪያና በአንድ እግር ዝላይ ይለካል። ጉልበት ሲጎዳ የፊት ጭን ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፤ እኔ ሱሪዬ በአንድ በኩል ሰፍቶኝ ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው።

የእግር ኳስ ወዳጆች ሩድ ቫን ኒስትሮይን ታስታውሳላችሁ። በ2000 ማንቸስተር ዩናይትድ ሊገባ ሲል የጉልበቱ ነገር አጠራጥሮ ዝውውሩ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ልምምድ ላይ መስቀለኛ ጅማቱ ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት ሪቻርድ ስቴድማን ነው፤ ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬደው ቬይል ውስጥ ክሊኒክ ያቋቋመው፣ የበርካታ የስኪ ሯጮችን ጉልበት ያከመው ሐኪም። ቫን ኒስትሮይ ዓመት ጠበቀ። በ2001 ዩናይትድ ገባ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በሊጉ 23 ጎል አገባ።

ከእኛው ስፖርት ደግሞ ሊንድሲ ጃኮቤሊስ አለች። በ2012 አስፐን ላይ በልምምድ መስቀለኛ ጅማቷ ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የጎደሉባት የውድድር ወራት ብዙ ናቸው። በ2022 ቤጂንግ፣ በ36 ዓመቷ፣ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። ለወጣቶቹ የምነግራቸው ዘጠኝ ወር ቅጣት እንዳልሆነ ነው።

የቤት ውስጥ ሥራውን ላሳጥር፤ ዝርዝሩን የእናንተ ፊዚዮቴራፒስት ነው የሚያውቀው። የመጀመሪያው ግብ ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱ ነው። ሁላችንም ያበጠ ጉልበት ሥር ትራስ አድርገን አጠፍ አድርገን መተኛት ይመቸናል፤ ያ ምቾት በኋላ የማይዘረጋ ጉልበት ይሰጣል። ትራሱን ከቁርጭምጭሚት ሥር አድርጉ። የፊት ጭን ጡንቻችሁን አጠንክራችሁ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ ተጫኑት፣ አምስት ሰከንድ ያዙት፣ ልቀቁት። በቀን ብዙ ጊዜ። ይህች ቀላል የምትመስል ነገር ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አስለቅሳኛለች። ከዚያ ብስክሌቱ፣ ከዚያ ቁጢጥ ማለቱ፣ ከዚያ በአንድ እግር መቆሙ ይመጣል።

ስለ ስግደትና ስለ ጾምም ልንገራችሁ። የእኔ ጉዳት የደረሰው በየካቲት ነው፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። እናቴን ያስጨነቃት ስግደቱ ነው። የንስሐ አባታችን ግን ለታመመ ሰው ስግደት እንደማይታዘዝ ነገሯትና ቤተ ክርስቲያን ወንበር ተሰጠኝ። ሙስሊም ጓደኛዬም ጉልበቱ በተጎዳ ጊዜ ሶላቱን ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሰገደው። ይህን የምነግራችሁ፣ በሥርዓቱ አፍረው የታመመ ጉልበት መሬት ላይ የሚያሳርፉ ልጆች ስላየሁ ነው። ስለ ምግቡም ቢሆን ጡንቻ እንዲመለስ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው በጾም ቀንም አለ፤ መጠኑን ግን አብዙት።

እናቶችና አባቶች፣ በመጨረሻ ወደ እናንተ ልመለስ። እኔ እናቴን «ወለምታ ነው» ያልኳት ለምን ይመስላችኋል? ስኖውቦርዱን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም ነበር። እውነቱን ብነግራት ቦርዱን እንደምትወስድብኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሕመሜን ዋጥኩት፣ ፈጥኜም ዳንኩ አልኩ። እሷ በፍቅሯ፣ እኔ በፍርሃቴ ጉልበቴን ለሁለተኛ ጊዜ ጎዳነው። ዛሬ ሁለታችንም ይህን እንነጋገራለን። ልጃችሁ ሲያነክስ በመጀመሪያ «አላልኩህም?» ካላችሁት፣ ሁለተኛ አይነግራችሁም። «አሳየኝ» በሉት።

ወጣቶች፣ እናንተም ለእናቶቻችሁ ዋሽታችሁ ያተረፋችሁት ቅዳሜ አንድ ነው፤ ሊያስከፍላችሁ የሚችለው የበረዶው ወራት በሙሉ ነው።

አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጉልበቱን ተጎድቶ ደብቆ የተቀመጠ ልጅ አለ ብዬ አምናለሁ። ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትደርሱ፣ ራት ከመቅረቡ በፊት፣ ልጃችሁን ሶፋው ላይ አስቀምጡትና ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ እንዲሰበስብ ጠይቁት። ሁለቱን ጉልበቶች ጎን ለጎን እዩ። አንዱ ካበጠ፣ አንዱ እንደ ሌላው ካልተዘረጋ፣ ሰኞ ጠዋት ለሐኪም ቀጠሮ ደውሉለት፤ እኔም ከፈለጋችሁኝ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።